ደረቅ መሬት ውሃ አይጠጣም? እውነት ወይስ ተረት

ሰኔ ሲገባ ይህን ወሬ የማይሰማ የለም። የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ይጥላል፤ ውሃው በማሳው ላይ እየተንደረደረ ወርዶ መንገዱን ይሞላዋል። ደጁ ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው «መሬቱ ገና ደረቅ ነው፣ መጠጣት አልጀመረም፤ ትንሽ ሲርስ ይጠጣል» ይላል። ገበሬውም ይለዋል፣ የከተማው ሰውም ይለዋል፤ እርስዎም አንድ ቀን ሳይሉት አይቀሩም።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ውሃን ወደ አፈር የሚያስገቡት ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው የመሬት ስበት ነው። ሁለተኛው የአፈሩ የራሱ ምጠት ነው። በአፈር ውስጥ እንደ እንጀራ ዓይን የተበታተኑ ትልልቅና ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። አፈሩ ሲደርቅ እነዚህ ቀዳዳዎች በአብዛኛው አየር ይይዛሉ፤ ውሃ ሲነካቸው ጠባቦቹ በኃይል ወደ ውስጥ ይስቡታል። ስበት በጋም ክረምትም ያው ነው። ምጠቱ ግን አፈሩ በደረቀ ቁጥር ይበረታል፣ በራሰ ቁጥር ይደክማል። ስለዚህ ደረቅ አፈር ውሃ ሲያገኝ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በፍጥነት ይጠጣል፤ ከዚያ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። አሜሪካዊው የውሃ ሊቅ ሮበርት ሆርተን ይህን አካሄድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቀመር ካስቀመጠው ወዲህ በየአገሩ የሚለካው በአብዛኛው ያንኑ መልክ ሲያሳይ ኖሯል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በመስኖ ማስተማሪያው ላይ እንዳሰፈረው፣ ከረጋ በኋላ አሸዋማ አፈር በሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ይጠጣል፣ መካከለኛው አፈር ከ10 እስከ 20፣ ሸክላማው ደግሞ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የፈሰሰ አንድ ሊትር ውሃ ነው።

ታዲያ በሰኔ ያየነው ጎርፍ ከየት መጣ? ዓይናችን አልዋሸንም፤ ውሃው በእርግጥ ሳይሰርግ ሄዷል። የተሳሳትነው ምክንያቱ ላይ ነው። መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ገለባና ቃርሚያ ፍለጋ ማሳው ላይ ወራት ይከርማል፤ ኮቴው የላይኛውን አፈር ይጠቀጥቀዋል። ሽፋን የሚባል ነገር አይተርፍም። በዚህ ባዶ መሬት ላይ ዝናቡ ይመጣል። ትልቅ የሚባለው፣ አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠብታ መሬት ሲደርስ በሰከንድ ወደ ዘጠኝ ሜትር ፍጥነት አለው። ጓሉን ይመታዋል፣ ያደቀዋል፣ የደቀቀው አፈር ደግሞ በውሃው ተንሳፎ በቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ይቀመጥና ይደፍናቸዋል። ካላመኑኝ ዝናቡ ባባራ ማግስት፣ ፀሐይ ካየው በኋላ ማሳዎ ውስጥ ይግቡ። የቢላ ጫፍ ከላይኛው አፈር ስር በአግድም ያስገቡና ቀስ ብለው ያንሱ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ቅርፊት ተሰንጥቆ ይነሳልዎታል። ከላይ የለሰለሰና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ሲገለብጡት ስሩ ሻካራ ነው። ከቅርፊቱ በታች ጣትዎን ሲሰዱ አፈሩ ብዙ ጊዜ ደረቅ አቧራ ሆኖ ያገኙታል። ውሃውን የከለከለው ድርቀቱ ሳይሆን ይህ ቅርፊት ነው። እዚያው አጠገብ ገለባ የወደቀበትን ወይም የሣር ጉቶ የቀረበትን ቦታ ይንኩ፤ ቅርፊቱ የለም፣ እርጥበቱም ጠልቆ ገብቷል። አንድ ዝናብ፣ አንድ አፈር፣ አንድ ዓይነት ድርቀት፤ ልዩነቱ ሽፋን ብቻ ነው።

ተረቱ ግን አንድ እውነት አለው፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ባሕር ዛፍ ስር ያለ አፈር በደንብ ሲደርቅ ውሃን የሚገፋበት ጊዜ አለ። ከቅጠሉ የሚወጣው ቅባትና ሰም የመሰለ ነገር የአፈሩን ቅንጣት ይለብሰዋል፤ ውሃ ሲያፈሱበት እንክብል ሆኖ ይቀመጣል እንጂ ቶሎ አይሰርግም። ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ይህን ያየዋል፣ አይቶም ለአገሩ መሬት ሁሉ ያደርገዋል።

አሁን ደግሞ የባልዲውን ሙከራ እናንሳ። የጓሮ አትክልት የሚተክል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ቤት ሊሠራ ቦታ የሚያይ ሰው «ባልዲ ውሃ አፍስስበት፣ ቶሎ ከጠፋ መሬቱ ውሃ ይጠጣል» ሲባል ይሰማል። ቀላል ነው፣ ገንዘብ አይፈጅም፣ መልሱም ዓይን ላይ ይታያል፤ ተረቱ የከረመውም ለዚህ ነው። ግን ባልዲው የሚነግርዎ ያን የመጀመሪያ ምጠት ብቻ ነው። በጥር ወር ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ላይ ባልዲ ውሃ ቢያፈስሱ በስንጥቁ ገብቶ ዓይንዎ እያየ ይጠፋል፤ ያው መሬት በነሐሴ ኩሬ ነው። በዚያ ላይ የፈሰሰው ውሃ ወደ ታች ብቻ አይሄድም። ከፊሉ ወደ ጎን ይሰራጫል፣ እርስዎ ግን ሁሉንም ሰረገ ብለው ይቆጥሩታል።

ባለሙያዎች የሚለኩት በሁለት የብረት ቀለበት ነው። አንዱ ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፤ ሌላው ትልቅ፣ 60 ሴንቲ ሜትር። ትንሹ በትልቁ መሃል ይሆናል። ጣውላ ከላይ ያጋድሙና በመዶሻ እየመቱ ሁለቱንም ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ያስገቧቸዋል፤ አፈሩ እንዳይሰነጠቅ ቀስ እያሉ፣ ዙሪያውን እኩል። ውሃው ሲፈስ አፈሩን እንዳይቦረቡር መሃል ላይ ላስቲክ ወይም ሣር ይነጠፋል። ሁለቱም ቀለበቶች እኩል ከፍታ ድረስ ውሃ ይሞላሉ፤ ላስቲኩ ቀስ ተብሎ ይነሳል፤ ሰዓት ይያዛል። በውጭኛው ቀለበት ያለው ውሃ ወደ ጎን ሲሰራጭ የመሃሉ ውሃ ቦታው ተይዞበት ቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። የሚለካውም የመሃሉ ብቻ ነው። ማስመሪያ ያቆሙበታል፤ መጀመሪያ በየደቂቃው፣ ቀጥሎ በየአምስት፣ ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ይጽፋሉ፣ የጎደለውን ይሞላሉ። በመጀመሪያው ደቂቃ ውሃው ሲወርድ በዓይን ይታያል። ሰዓት ሲያልፍ ማስመሪያው ላይ የቆመ ይመስላል። ሥራው የሚያልቀው በእኩል ጊዜ እኩል መውረድ ሲጀምር ነው፤ አንዳንድ መሬት ላይ ይህ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በሰነፍ እጅ የተለካ ቁጥር ሁልጊዜ የተጋነነ የሚሆነው፣ አፈሩ ገና ሲመጥ ስለሚቋረጥ ነው። ንጹሕ ውሃም ያስፈልጋል፤ የደፈረሰ ውሃ ራሱ ደለል እየጣለ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ይህም ቢሆን ቀለበቱ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም። አንድ ቦታ ለክቶ «የማሳዬ ስርገት ይህን ያህል ነው» ማለት ያሳስታል። ቀለበቱ ያረፈበት ቦታ የበሰበሰ ሥር የሄደበት ወይም ምስጥ የቦረቦረው ከሆነ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ከሚለካው እጅግ የበዛ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ማሳ ላይ ብዙ ቦታ መለካት ግድ ነው። ሁለተኛ ነገር፣ በቀለበት ውስጥ የተኛ ውሃ እንደ ዝናብ ጠብታ አይመታም። ከላይ ያነሳሁት ቅርፊት በቀለበት ውስጥ አይፈጠርም። ስለዚህ ባዶ መሬት ላይ ቀለበቱ የሚሰጠው ቁጥር በዝናብ ጊዜ ከሚሆነው ሊበልጥ ይችላል። ይህንን ለማስተካከል ተመራማሪዎች ዝናብ አስመስሎ የሚያንጠባጥብ መሣሪያ ይጠቀማሉ።

ዋልካን ካነሳሁ አይቀር፣ «ጥቁር አፈር ውሃ ይወዳል፣ ብዙ ይጠጣል» የሚለውንም እንየው። እዚህ ላይ የሚምታቱት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መጠጣትና መያዝ። ዋልካ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ይህ እውነት ነው። በጳጉሜንና በመስከረም ሽንብራ ወይም ጓያ ዘርቶ በቀረችው እርጥበት ብቻ ምርት የሚያፍስ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አጠጣጡ ግን ሌላ ነው። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ እየገባ ጥልቀት ድረስ ይደርሳል። ሸክላው ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል። ስንጥቁ ይገጥማል፣ ቀዳዳው ይጠባል፣ ከዚያ በኋላ በሰዓት ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢያስገባ ነው። የተረፈው ላዩ ላይ ይተኛል። በአገራችን 12 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንዲህ ያለ አፈር አለ፤ ከዚህም ብዙው በደጋው ነው። በሰሜን ሸዋ በኢነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች፣ ሴቶችና ልጆች ጭምር፣ ከጥንት ጀምሮ አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፊ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከል ውሃው በቦይ ይወጣል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ የሠሩት ይህንኑ የእጅ ሥራ አይተው ነው። የኢነዋሪ ገበሬ ዋልካ ብዙ ይጠጣል ብሎ ቢያምን ኖሮ ያን ሁሉ ቦይ ባላወጣ ነበር።

«ደጋግመህ እረስ፣ መሬቱ ይለሰልስና ውሃ ይጠጣል» የሚለው ምክር ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ስለሆነ ለመንካት እንኳ ይከብዳል። ከፊሉ ልክ ነው። አዲስ የታረሰ ማሳ ጓሉ ሻካራ ስለሆነ ውሃን ያቆማል፣ ለጊዜው ስርገቱ ይጨምራል። ያረሰው ሰው በማግስቱ በዝናብ ያየው ይህን ነው፤ እምነቱም ከዚያ ይጸናል። ችግሩ የሚመጣው ሲደጋገም ነው። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ ማሳው አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፤ በመጨረሻም ብዙ ቦታ ከብት ገብቶ ይረግጠዋል። አፈሩ በታረሰ ቁጥር ይደቃል፤ የደቀቀ አፈር ደግሞ በጠብታ ለመደፈን የተዘጋጀ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ከታች ያለው ነው። ማረሻችን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይደርስና ይመለሳል። በየዓመቱ በዚያው ጥልቀት ሲያልፍ፣ ደቃቁም አፈር እየወረደ ሲሞላው ከስሩ ጠንካራ ንጣፍ ይሠራል። ውሃው ከላይ ቶሎ ይገባል፣ ንጣፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ የላይኛው አፈር ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ሁሉ ጎርፍ ነው። ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ማሳው ለስላሳና ጤነኛ ይመስላል። መለየት ከፈለጉ አፈሩ በራሰ ጊዜ ቀጭን ብረት በእጅዎ ይግፉበት፤ በቀላሉ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት እምቢ ካለ ንጣፉን አግኝተዋል። መፍትሔውም ሌላ ዙር እርሻ ሳይሆን ንጣፉን ሰብሮ የሚያልፍ መሣሪያ ወይም እንደ የርግብ አተር ሥሩ የሚጠልቅ ተክል ነው።

ስለ ውሃ ጉድጓድ የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። «ትናንት ዘነበ፣ ዛሬ ጉድጓዳችን ሞላ፤ መሬቱ ጠጥቶ ሰጠን» ሲባል ሰምተው ይሆናል። የሰረገ ውሃ መጀመሪያ ሥር ያለበትን አፈር ያጠግባል፣ ከዚያ የተረፈው ነው ወደ ጥልቁ የሚወርደው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ጉድጓድዎ በማግስቱ ከሞላ፣ በተለይ ውሃው ከደፈረሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ የገባው በአፉ ዙሪያ የፈሰሰ የላይ ውሃ ነው። ይህ ለጤናም ስለሚያሰጋ አፉን ከፍ አድርጎ መገንባትና ዙሪያውን መድፈን ያስፈልጋል።

ወደ ትልቁ ተረት ልለፍ፤ ይኸኛው የገበሬና የከተሜ ብቻ ሳይሆን የተማረውም ሰው ነው። «ጎርፍ የሚመጣው ከተራራው ነው፤ ተራራው ተራቁቶ ውሃ አልጠጣ ብሎ» እንላለን። ሆርተን ራሱ ጎርፍ የሚፈጠረው ዝናቡ ከአፈሩ የመጠጣት ፍጥነት ሲበልጥ ነው ብሎ አስተምሯል። ለብዙ አገር ይህ ይሠራል። በእኛ ደጋ ግን አፈሩ ሌላ መልስ ሰጠ። በ1981 (እ.ኤ.አ.) በስዊዘርላንድ ድጋፍ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በየቦታው የመለኪያ ጣቢያዎች ነበሩት፤ ደቡብ ወሎ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም ውስጥ አንጀኒ። የኮርኔልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእነዚህን ጣቢያዎች የዓመታት የዝናብና የወንዝ መረጃ ሲመረምሩና ዳገቱ ላይ ቀለበት ሲያስቀምጡ፣ ብዙው የዳገት አፈር የሚጠጣበት ፍጥነት አብዛኛው ዝናብ ከሚጥልበት ፍጥነት በላይ ሆኖ ተገኘ። ዳገቱ ይጠጣል። የጠጣው ውሃ በአፈሩ ውስጥ፣ ዓለቱን ወይም ጠንካራውን ንጣፍ ተከትሎ ወደ ቁልቁለቱ ግርጌ ይሄዳል። ግርጌው ከላይ ዝናብ፣ ከጎን የዳገቱን ውሃ ሲቀበል ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ አንዲት ጠብታ አያስገባም። ጎርፉ የሚነሳው ከዚያ ነው። በእርግጥ አፈሩ ታጥቦ ስስ ሆኖ የቀረ፣ የተጎዳ ዳገትም ሆነ ቅርፊት የያዘ ባዶ ማሳ ጎርፍ ይሰጣል፤ ጤነኛውን ዳገት ግን ከእነዚህ ጋር ማዳበል ልክ አይደለም።

ለዚህ ነው በሰኔ ዝናቡ እየጣለ ትልልቆቹ ወንዞች እምብዛም የማይሞሉት፣ በነሐሴ ግን ያው ዝናብ ድልድይ የሚያስፈራው። በእነዚሁ ጣቢያዎች መረጃ መሠረት ከትነት የተረፈው ዝናብ ተደማምሮ ወደ 500 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ድረስ አፈሩ እየሞላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሚዘንበው ውስጥ ወደ ወንዝ የሚሄደው ድርሻ ከፍ ብሎ ይረጋል። «ትንሽ ሲርስ ይጠጣል» ያልነው መሬት በተግባር ሲርስ የሚተወን ነው። ሰው ይህን የማያየው ስለምን ነው ቢሉ፣ ውሃው ከላይ ሲወርድ ስለሚታይና በአፈር ውስጥ የሚሄደው ስለማይታይ ነው። ዓይን ያየውን ያምናል።

ስህተቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በየዓመቱ የሕዝብ ጉልበት የሚፈስበት እርከን ዳገት ላይ ይሠራል፤ አፈር ይይዛልና መልካም ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለችው ደብረ ማዊ የተደረገው ጥናት ግን ትልልቆቹ ቦረቦሮች የሚሰፉት የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ በቀረበበት በግርጌው መሆኑን አሳይቷል። ግድግዳቸው ውሃ ጠግቦ ከውስጥ እየተናደ ነው የሚወድቀው። እንዲህ ያለውን ቦረቦር ከላይ ድንጋይ በመካብ ብቻ ማቆም አይቻልም፤ ግርጌው ውሃውን የሚያወጣበት መንገድ፣ ከብት የማይገባበት ሣርና ሥሩ የጠለቀ ቁጥቋጦ ይፈልጋል።

ስለዚህ በቀበሌዎ ተፋሰስ ሊሠራ ባለሙያ ቀለበት ይዞ ቢመጣ፣ በጥር መጥቶ ዳገት ላይ ብቻ ለክቶ እንዳይሄድ ይጠይቁት። በነሐሴ መጨረሻ ይመለስ፤ አንዱን ቀለበት ከዳገቱ፣ ሌላውን ከማሳው መሃል፣ ሦስተኛውን ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ከሚቆይበት ከግርጌው ይትከል። በግርጌው ከተተከለው የመሃል ቀለበት ውስጥ ውሃው ሩብ ሰዓት ሙሉ ካልወረደ፣ ሥራው የሚጀመርበት ቦታ እዚያ ነው።